ቀዩ መብራት እንደበራ

ለወንድሜ ለወንዳወቅ አለበል፤
ጀርመን አገር።

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ ደህና ነው? እንቅልፍህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ከአባባ ቀኝ እጅ በቀር።

በስልክ «ትንሽ ቆስለዋል» ያልሁህ ውሸት ነው። እጃቸው ከአንጓው ተቆርጧል። የወፍጮው ቺንጋ ወልቆ ነበር። አባባ ታች ሆነው «ቁም» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ እጃቸውን አስገቡ። ለካ በዚያችው ቅጽበት፣ ከላይ ሆኖ እህል የሚጨምረው ሠራተኛችን ይታገሱ ማስነሻውን ተጭኖ ኖሯል። ቀዩ እንደበራ ሞተሩ ተነሳ።

አንተ ሠርተህ በሰው ከላክኸው መቆጣጠሪያ ሣጥን ጋር የመጣውን ኮድ ከፍቼ አነበብሁት። ቡሬ ሄጄ ኮምፒውተር የተማርሁት ለዚህ ቀን ኖሯል። ድራይቨር በምትሉት፣ ሞተሩን በሚያዘው ፕሮግራም ውስጥ ሁለቱን ቁልፎች የሚጠብቁ ሁለት የትእዛዝ ሰልፎች፣ «ክሮች» የምትሏቸው፣ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሁለቱም አንዲት ቦታ ላይ ይጽፋሉ፤ አንዱ ሲጽፍ ሌላውን የሚያግድ መቆለፊያ የለም። የማስነሻው ክር «ቁም» አለመባሉን አይቶ «ሂድ» ብሎ እስኪጽፍ ድረስ አባባ በመካከል «ቁም» አሉ። ክሩም «ሂድ»ን በላዩ ጻፈበት። ኮዱ የተጻፈበት ቋንቋ ራሱ አላሳልፍም ሲልህ «አንሴፍ»፣ ዋስትና የለውም፣ ብለህ አልፈኸዋል፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ከጎኑም «ችግር የለውም፤ ሰዎቹ ይጠራራሉ» ብለህ ጽፈሃል።

እውነት ነው፣ ይጠራራሉ። ላይ ያለው «ላስነሳ?» ይላል፤ ታች ያለው እጁ ካለበት «ቆይ!» ይላል፤ ዝም ካለ ይነሳል። ይታገሱም ተጣርቷል። የአባባ ጆሮ ግን ከደነቆረ ሦስት ዓመት አለፈው። እንዳትሳቀቅ ብለን ደበቅንህ፤ በስልክ «ደህና ነኝ ልጄ» ሲሉህ የኖሩት እኔ በእጄ እያመለከትሁላቸው ነው። የእኔ ኃጢአት ይህ ነው፤ ያንተን አልሸከምልህም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ከ«ደህና ነዎት?» ሌላ ነገር ጠይቀሃቸው ቢሆን ታውቅ ነበር።

አሁን «ደንቁሬ የልጄን ዕቃ አሰደብሁት» እያሉ ያለቅሳሉ። ማንበብ ይችላሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በገዛ እጅህ በወረቀት ጻፍላቸው። መስቀል እስኪያልፍ ካልደረሰን ኮድህን ራሴ በአማርኛ ተርጉሜ እሰጣቸዋለሁ።

እማማ ይስሙሃል፤ የኮድህን ነገር ገና አልነገርኋቸውም። ታናሻችን ሰብሊ የላክህላትን ጫማ ወዳዋለች። ይታገሱም ሰላም ብሎሃል፤ ቀና ብሎ ሰው አያይም።

አባባም ሰላም ይሉሃል። ከታች ያለችው የተንጋደደች ፊርማ የእርሳቸው ናት። ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ፣ በግራ እጃቸው ጠዋቱን ሙሉ ተለማምደው የፈረሙት ቀኝ እጃቸው ደህና እንዲመስልህ ነው።

እህትህ ያምሮት አለበል
ፍኖተ ሰላም፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.