በአማርኛ ብቻ ስለተለጠፈው የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ

ኦክላንድ፣ ኖቬምበር 1986

ባለቤቴ አቶ ባዩ ለተኛበት ሆስፒታል ክቡር ዋና አስተዳዳሪ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? መላ አካልዎ፣ በተለይም ሁለቱም እግሮችዎ፣ በሙሉ ጤና እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ቤት ነገሩ እንዲያ አይደለም። ዳውንታውን በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚሠራው ባለቤቴ የተሰበረ እግሩን ሊታከም እናንተ ዘንድ ገብቶ፣ ቀዶ ጥገናው በሰላም ካለቀ በኋላ ቁስሉ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ስለያዘ፣ ዓርብ እንደገና ሊከፈት ነው። ይህም ካልተሳካ እግሩ እንደሚቆረጥ ተነግሮናል።

በአማርኛ መጻፌ አይግረምዎት። በባለቤቴ ክፍል መታጠቢያ ቤት በር ላይ «ጠያቂዎች ሆይ፣ ባክቴሪያ እንዳይዛመት እጃችሁን ታጠቡ» የሚል ማስታወቂያ ያለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስላስለጠፉልን፣ ቋንቋችንን የሚያነብልዎ ሰው እንዳለ ተረድቻለሁ። እሰይ! በዚህ አገር በአማርኛ የተከበርንበት ሌላ በር እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. እኛ በሽተኛ ስንጠይቅ እንበዛለን፣ አልክድም፤ ከሳን ሆዜ ድረስ ተጠራርቶ የሚመጣ ወገን አለን። ማስታወቂያው ለእኛ መሆኑ ተገቢ ነው። የቁስሉን ፋሻ የሚፈቱት ዶክተሮችና ነርሶች ግን አማርኛ ስለማያነቡ፣ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲያልፉ ከመታጠብ ተገላግለዋል። ስላሰቡላቸው እግዜር ይስጥልኝ።

፪. ማስታወቂያው ከተለጠፈበት በር ጀርባ ያለው ቧንቧ፣ ባለቤቴ ከገባ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልወጣውም፤ የሳሙናው ዕቃም ባዶ ነው። ፊክስ ይደረጋል ተብለን ስንጠብቅ፣ አንድ ሠራተኛ መጣልን ብለን ደስ ሲለን፣ ለካስ የመጣው ወረቀቱን ሊለጥፍ ኖሯል።

፫. ውሃ ሲጠፋ፣ ማንቆርቆሪያና ሳህን ከሰፈራችን ከፍሩትቬል በባቡር ይዤ መጥቼ፣ እንደ ቤታችን ወግ የገባውን ሰው ሁሉ በር ላይ በሳሙና አስታጥብ ጀመር። የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኃላፊዎ ግን ለንጽሕና አስጊ ነው ብለው ዕቃዬን ወሰዱት። የሽንት ቤቱን ወለል ጠርጎ፣ በዚያው ውሃ የባለቤቴን አልጋ ሥር የሚያዳርሰው መወልወያ ግን እስከ ዛሬ በነፃነት ይዘዋወራል። ወይ ፍርድ!

፬. ቅሬታችንን ሰምተው ባለፈው ሳምንት በአካል ስለመጡልን ውለታዎ አለብን። መታጠቢያ ቤቱን ተጠቅመው ሲወጡ፣ ባልታጠበ እጅዎ ባለቤቴን ሰላም አሉት። እሱም ትልቅ ሰው አክብር ተብሎ ያደገ ነውና፣ በዚያ እግሩ ከአልጋው ለመነሳት እየታገለ በሁለት እጁ ተቀበለዎት፤ በዚያው እጁም የተንሸራተተ ፋሻውን አቃና። እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነብን እኔም ፈገግ አልኩልዎ። ባክቴሪያው ከእርስዎ መጣ አልልም፤ ከየት እንደመጣማ መርምሮ የነገረን የለም።

ልመናዬ አጭር ነው። ከዓርብ በፊት ቧንቧው ይሠራ፤ ካልሆነ ማንቆርቆሪያዬ ይመለስልኝ። ማስታወቂያውም በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ አማርኛውን አንብበን ጨርሰናል።

እጅ ለመታጠብ ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ የምገኝ፣ የክብርዎ አመስጋኝ፣

ወይዘሮ ውብዳር፣ የአቶ ባዩ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ዓርብ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሊጠይቁን ብቅ ካሉ፣ ባለቤቴ እጁን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቶ፣ በአንገቱ ብቻ ሰላም ይልዎታል። እባክዎ ንቀት አይምሰልዎ፤ ሌላ ጊዜ ሲያገኝዎ ብድግ የሚልበት እግር ይትረፍለት ብለን ነው።