ከአይሪዝ እስከ አሊሂዝ፣ በግንቦት ጭጋግ

ለምወድሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ሳይርስና ሳይቀዘቅዝ ሊድስ ድረስ ይግባልሽ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ያንን ደረጃው የበዛ ቤት ልቀቂው ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ! እኛ ደህና ነን። ባሌ ባቲም ደህና ነው፤ ላሞቹ ወልደዋል፤ ዝናቡም እንደምታውቂው ነው። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል መስሎ ብታገኚው አትሳቂብኝ፤ አሁን አሁን ትልልቅ አድርጌ ስጽፍ ይቀለኛል።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ከመንደራችን ከአይሪዝ እስከ አሊሂዝ በእግሬ ሄድኩ። አዎ፣ የባሕሩን ዳር ይዤ፣ መንገዱን ሙሉ። ቁጣሽ ከዚህ ይሰማኛል፤ ግን መጀመሪያ አድምጪኝ።

ከኮርክ ሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ባቲ እንደ እንቁላል ነው የያዘኝ። ድስት ላውርድ ስል «ተይው»፣ ደጅ ልውጣ ስል «ቆይ»። ቅዳሜ ማለዳ ጫማዬን ሳስር አየኝና «ወዴት ነው?» አለ። «ልራመድ ነው» አልኩት። «ልሸኝሽ?» አለኝ። «ላሞችህን ሸኝ» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ጥቁር ዳቦ ቆርጦ፣ ቅቤውን በደንብ ለቅልቆ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሴ ውስጥ ከተተልኝ። ይህ ሰው ፍቅሩ ሲበዛ ዝም ነው የሚለው።

ከመንደሩ ስወጣ ቤቶቹ ቅርጻቸው ጠፍቶ ቀለማቸው ብቻ ቀርቶ ነበር። ሮዙ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ አንድ ሰው ውሃ ላይ ቀለም እንዳፈሰሰ ተንሳፍፈው ነበር። ባሕሩ በቀኜ በኩል እንደተኛ ሰው ይተነፍሳል። እሾሃማው ቁጥቋጦ አብቦ ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ቢጫ ሰውዬ የተሳለባቸውን የመንገድ ምልክት እንጨቶች በእጄ እየዳበስኩ፣ ነቅቼ ይሁን በሕልሜ ሳላውቅ ዝም ብዬ ሄድኩ። አንዱን በግ «እንዴት አደርክ?» ብዬ ስጠጋው ድንጋይ ሆነ። ቀጥሎ ድንጋይ አገኘሁ ብዬ ልቀመጥበት ስል ተነሥቶ ሮጠ። ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

ፊንባርን ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ጭፈራ ላይ እግርሽን ረግጦ አዲሱን ጫማሽን ያበላሸብሽ። ከነውሻው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ከሩቅ በድምፁ ነው ያወቅሁት። «ማን ናት ይቺ በእግሯ የምትዞረው? ባቲ መኪናውን ሸጠው እንዴ?» አለ። «አልሸጠውም፤ እንዳትዋሰው ደብቆት ነው» አልኩት። «አይ ምላስሽ! አሁንም አልደነዘም!» አለ። እንዲህ ስንጫወት ቆየንና እኔ ለወሬ ያህል «የዛሬው ጭጋግ ደግሞ ምን ጉድ ነው፣ የራሴን እጅ እንኳ አያሳየኝም» አልኩት።

የውሻው ማለክለክ ብቻ ይሰማኛል።

«የምን ጭጋግ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንቺ ልጅ፣ ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ የጠራ ቀን አልመጣም። ማዶ የኬሪ ሰዎችን ፍየል አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል እኮ!»

«እንግዲያውስ ፍየሎቻቸው ከስተዋል ማለት ነው» አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። ቀረብ ብሎ በትሩን እጄ ውስጥ አኖረልኝ። «ሲመችሽ ትመልሺዋለሽ» አለኝ። አልፈልግም ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ በትሩ የእጁን ሙቀት እንደያዘ ነበርና ተቀበልኩት።

ከቀትር በኋላ መንገዱ ባሕሩን ትቶ ወደ ተራራው ሲወጣ ምልክቶቹ ጠፉብኝ። ሣር ነው ብዬ የረገጥኩት ረግረግ ሆኖ እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። እግሬን ሳወጣ ጫማዬ ቀረ፤ እሱን ፍለጋ ስጎነበስ ክንዴም ገባ። «ባቲ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል! በመጨረሻ ጫማዬን አውጥቼ፣ ደረቅ ነገር ዳብሼ ተቀመጥኩና ዳቦዬን በጭቃ እጄ እየበላሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስለ ረግረጉ ብቻ አልነበረም ያለቀስኩት።

ልቅሶም ይሰለቻል፣ እትዬ። ሲሰለቸኝ ዓይኔን ጨፍኜ ጋደም አልኩ። ያኔ ዓለሙ ሁሉ ቀረበኝ። አንዲት ወፍ ከላዬ በክር የተሰቀለች ይመስል ከአንድ ቦታ ሳትነቃነቅ ትዘምራለች። ነፋሱ ቀኝ ጉንጬን ይዳስሰኛል። ከበታቼ ምንጭ ይንሾካሾካል፤ ወደ ታች እየወረደ። ወራጅ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ባሕር። መንገዴስ? ባሕሩ ዳር ነው። ተነሣሁ፤ ዓይኔን ሳልከፍት፣ በትሩን አስቀድሜ፣ የውሃውን ድምፅ ተከትዬ ወረድኩ። ዓይኔን ስገልጥ እደናቀፋለሁ፤ ስጨፍን እሄዳለሁ። ብታምኚም ባታምኚም፣ እግሬ ጠጠር መንገድ እስኪረግጥ ድረስ አንዴም አልወደቅሁም።

አሊሂዝ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የመጠጥ ቤቷ ባለቤት ጎብነት ገና በሩ ላይ ስታየኝ «በስመ አብ! አንቺ ከረግረጉ ተወልደሽ ነው የመጣሽው?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ትኩስ ሾርባ አጠጣችኝና ለባቲ ደወለችለት። ሲመጣ አልተቆጣኝም። ፊቴ ላይ የደረቀውን ጭቃ በእጅጌው ጠረገልኝና ወደ ነጩ አሸዋ ይዞኝ ወረደ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ምን ይታይሻል?» አለኝ። ከኮርክ ወዲህ ይህን ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

«ብርሃን» አልኩት። «ብዙ ብርሃን። መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ነገር፤ እሱ አንተ ነህ።»

«ጥቁር ነገር ልባል ነው ያገባሁሽ?» አለኝ። ቀልዱን ሳይጨርስ ድምፁ ተሰበረ። እኔም እጁን ያዝኩት። ውሃው ጫማችን ድረስ እስኪመጣ እንዲሁ ተቀመጥን።

እትዬ፣ ለገና እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ገና ሩቅ ነው። በዚህ በጋ ነይ፤ ቀኑ ሳያጥር። እንግዳ ሆነሽ ዕቃ ልጠብ፣ ልጥረግ አትበዪኝ። ከቤቱ ደጃፍ በጠራራው ፀሐይ፣ ፊት ለፊቴ፣ በጣም ቀረብ ብለሽ ቁጭ በዪልኝና ዝም በዪ። አይቼሽ እስክጠግብ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ባሕሩንም ጸጥ ያድርግልሽ። የሚሸኙሽን መልካም፣ የሚቀበሉሽንም ሳቂታ ያድርግልሽ።

በእጅሽ ያደግሁት ታናሽ እህትሽ