መሪዎቹ ሳያልፉ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ክንድሽ ላይ መርፌው የሚገባበት ቦታ እብጠቱ ጎደለልሽ? ኩላሊትሽን የሚያግዘው ማሽን ላይ ከዋልሽ በኋላ የሚይዝሽ ድካምስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? እዚያ ከተማ የቤቱ ማሞቂያ ጉሮሮዬን አደረቀው ብለሽ ነበርና፣ እህቴ ዶርካስ መስኮቱን ትከፍትልሽ ጀመር ወይስ አሁንም ብርድ ይገባል እያለች ትጨቃጨቃላችሁ? እኛ ናፍቆትሽ ከብዶን ነው እንጂ ሁላችንም ደህና ነን። አባዬን ጉልበቱን ያመዋል፤ ተጠይቆ ግን አመመኝ አይልም፣ ያው ታውቂዋለሽ።

እሑድ እሑድ በስልክ «ካሪቡዎቹ መጡ ወይ?» ስትዪኝ «መንገድ ላይ ናቸው» እያልኩ ሸኝቼሻለሁ። ልነግርሽ እፈልግና አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልኩ፤ ወረቀት መሃል ላይ አያቋርጠኝም።

የመንደራችን ምክር ቤት የዱር እንስሳት ባለሙያ አድርጎ ከቀጠረኝ ይኸው አራተኛ ዓመቴ ነው። በየመኸሩ የሚፈልሰው የአጋዘን መንጋ መሪዎች ወንዙን ተሻግረው መንገዱን እስኪከፍቱ ድረስ ማንም እንዳይተኩስ፣ ካለፉ በኋላም «አሁን ውጡ» ብዬ በመንደሩ ሬዲዮ በቋንቋችን በግዊቺንኛ የምናገረው እኔ ነኝ። ድሮ ከኮረብታው ወርዶ ይህን የሚናገረው አባዬ ነበር። በኦገስት መጨረሻ፣ አንገታቸው ላይ መከታተያ ካሰርንላቸው ካሪቡዎች ስድስቱ ወንዙን ሲሻገሩ በኮምፒውተሬ አየሁ። ሦስት ቀን ጠበቅሁና አባዬን ሳልጠይቅ በሬዲዮ «መሪዎቹ አልፈዋል» አልኩ።

አባዬ ይህን ሲሰማ ሻዩን አስቀመጠ። «ልጄ፣ በየት በኩል ነው ያለፉት?» አለኝ። ከላይ፣ በአሮጌው ሰፈር በኩል አልኩት። «እሱማ የሌላው መንጋ መንገድ ነው። በእኛ በኩል የሚመጡት ገና ናቸው። ደግሞስ ማሰሪያ ያጠለቀ ሁሉ መሪ ነው እንዴ? አንቺ ያሰርሽው በቀላሉ የተያዘልሽን ነው» አለኝ። ሳቅሁበት እማዬ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል።

በማግስቱ ወንድምሽ ክሌመንት ከአምስት ሰዎች ጋር በእኛ መሻገሪያ ላይ አድፍጦ ሳለ ሃያ የሚሆኑ ካሪቡዎች ከዛፎቹ ብቅ አሉ። ተኮሱ፣ ሰባት ወደቁ። አጎቴ የጣላትን ገልብጦ ሲያይ ጥርሷ ያለቀ አሮጊት እንስት ካሪቡ ናት። መሪዋን እንደጣለ ያን ጊዜ ገባው። ከኋላ የነበረው መንጋ ዞሮ ተራራውን ይዞ ተመለሰ። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ማሰሪያ ያጠለቁት የቀሩት ካሪቡዎች ነጥቦች ኮምፒውተሬ ላይ ወደ ሰሜን ሲሸሹ አያለሁ።

ሳምንት ሙሉ አንድም አልመጣም፤ የየቤቱ ማቀዝቀዣ ባዶ ነው። አክስቴ ኤፊ ሱቅ ውስጥ ሰው እየሰማ «ስሚ፣ ያንቺ ኮምፒውተር ስንት ሰዓት ይቀቀላል?» አለችኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። ከሁሉ የባሰብኝ ያንቺ ነገር ነው። ሐኪሙ ጨው ስለከለከለሽ ሊስማማሽ የሚችለው እኛ ያለ ጨው በጭስ የምናደርቀው ሥጋ ብቻ መሆኑን፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ሳህኑን ገፍተሽ እንደምትውዪ አውቃለሁ። ክረምቱን በምን ልትወጪው ነው እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

በአዳራሹ ስብሰባ ተጠራ። ተነሥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተኳሾቹን አትውቀሱ፣ ሥራውንም እለቃለሁ አልኩ። የመንደሩ አንጋፋ እማማ ማይራ በምርኩዛቸው ወለሉን ኳ ኳ አደረጉና «ቁጭ በይ። ለቀሽ ማን ሊሠራው ነው? ከከተማ ሌላ አላዋቂ ልናስመጣ?» አሉ። ከዚያ ፈረዱብኝ፦ በዚህ መኸር ጠመንጃ እንዳልነካ፣ ሌሎች የገደሉትን ለየቤቱ እንድሸከም፣ መንጋው እስኪመጣ ድረስም ከአባዬ ጋር ኮረብታው ላይ እንድቀመጥ። አባዬ ከኋላ ሆኖ «የእኔን ጉልበት ማን ጠየቀው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን እሺ ማለቱ እንደሆነ ገባኝ።

ኮምፒውተሩን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። አባዬ አልተቆጣም፤ «እሱም ይቀመጥ» ብቻ አለ። ጠዋት ጠዋት ነጥቦቹ የት እንዳሉ እነግረዋለሁ፤ እሱ ደግሞ ነፋሱ ወዴት እንደዞረ፣ ቁራዎቹ ከየት እንደመጡ ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን እንስማማለን፣ አንዳንድ ቀን ተኮራርፈን እንውላለን። ቁጥሬ ውሸት አልነበረም እማዬ። ማን ማንን እንደሚከተል ግን ከቁጥሩ አይታይም፤ እሱን ዩኒቨርሲቲ ማንም አላስተማረኝም፣ አባዬንም ጠይቄው አላውቅም ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ካሪቡ ብቻዋን ወጣች። አንገቷ ላይ ምንም የለም። ውሃው ዳር ቆማ ወደ ኋላ አየች። አጎቴ ክሌመንት ያን ቀን አብሮን ነበር፤ ማንም ምንም ሳይለው ጥይቱን ከጠመንጃው አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ገባች፣ ዋኘች፣ ተሻገረች። ከኋላዋ አሥር፣ ከዚያም አርባ። አባዬ እጄን ይዞኛል፤ መቼ እንደያዘኝ አላውቅም። ሁለት ቀን አንድ ጥይት ሳይጮህ እየተከታተሉ ሲያልፉ ዋሉ። ወርደን ሬዲዮው ጋ ስንደርስ መነጋገሪያውን ወደ እሱ ገፋሁት። መልሶ ወደ እኔ ገፋው። «እኔ አየሁ፣ አንቺ ተናገሪ» አለኝ።

እንደ ወትሮው ብዙ አይደለም፤ ለየቤቱ ግማሽ ያህል ነው የደረሰው። ግን ደረሰ። ትከሻዬ እስኪላጥ ተሸከምኩ። ለአክስቴ ኤፊ አንድ ታፋ ይዤላት ስገባ «በስተመጨረሻ ኮምፒውተሩ በሰለ!» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

አብሮ የተላከልሽ ጥቅል ያንቺ ድርሻ ነው። አጎቴ ገደለው፣ አባዬ ገፎ፣ ዘልዝሎ በጭስ አደረቀው፤ እኔ እስከ አውሮፕላኑ ተሸከምኩት እንጂ ሌላ የለሁበትም። የጨው ቅንጣት አልነካውም። መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ተቆጪኝ።

እህቴን ዶርካስን ሳሚልኝ፤ ለባሏ ለራስልና ለትንሿ ዋንዳ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። አክስቴ ኤፊና እማማ ማይራ እንዴት ነሽ ብለውሻል። ወንድምሽ ክሌመንት ደግሞ ጥቅሉ ውስጥ ያለውን የካሪቡ ምላስ የላክሁልሽ እኔ ነኝ፣ ጄራልዲን እንዳትዋሽሽ ብሏል። አባዬን ምን ልበልልህ ብዬው ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አሰበ። በመጨረሻ «አሳለፍናቸው በያት» አለ። ጽፌ ላሽግ ስል አስቆመኝ። «ማንና ማን ብላ መጠየቋ አይቀርም። እኔና ልጅሽ ብለሽ ጨምሪበት» አለኝ።

ልጅሽ ጄራልዲን
ታች መሻገሪያ መንደር፣ ዩኮን
ኦክቶበር 12 ቀን 2019