የፖስታው ሙጫ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ልደታ

ሁለት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። ምላሴ ላይ ያለው ጣዕም ግን አልለቀቀኝም።

የላቦራቶሪያችን ባልደረባ ወይዘሮ ጽጌ ሁለቱን የግራር ሙጫ ዓይነቶች ሦስት ሳምንት ሙሉ መርምረዋል። ሁለቱም የተሠሩባቸው ስኳሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሞለኪውሉ ውስጥ የተያያዙበት መንገድ ግን ይለያያል። ለዚህ ነው አንዱ በውኃ ሲሟሟ ብርሃንን ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ የሚያዞረው። መድኃኒት ፋብሪካው የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። የእኛን መጋዘን የሞላው ግን ሁለተኛው ነው።

ዛሬ ኃላፊያችን ውጤቱን አይቶ ሳቀ።

«ወደ ቀኝ የሚያዞረው አድኃሪ ነው በላ።»

እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

«ስኳሩ ያው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«ያው ነው፣ ጓድ። አያያዙ ነው የሚለየው።»

«እንግዲያው አንድ ናቸው ብለህ ፈርም። ፋብሪካው እየጠበቀ ነው።»

ወይዘሮ ጽጌ ብርጭቆ ማጠባቸውን ትተው አዩኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አራቴ ደግሜዋለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ፈረምኩ። ሪፖርቱን ፖስታ ውስጥ ከትቼ፣ እንደ ልማዴ ጠርዙን በምላሴ አርሼ አሸግሁት። የፖስታው ማጣበቂያም ያው የግራር ሙጫ ነው። የትኛው እንደሆነ እንጃ።

ወይዘሮ ጽጌ ማታ ማታ አውቶቡስ ውስጥ ቀድመው ገብተው በቦርሳቸው ቦታ ይይዙልኛል፤ ስደርስ ያነሱታል። ዛሬም ቦርሳው ወንበሩ ላይ ነበር። አጠገባቸው ደርሼ ቆምኩ። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ቦርሳውን አላነሱትም።

ልደታ እስክደርስ ቆሜ መጣሁ፣ ምራቄን እየዋጥኩ።