ከወገብ በላይ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 2፡30

ዛሬም ሳልወጣ ደወለ። ሰይድ፣ ሪያድ ያለው ታናሽ ወንድሜ። ትናንት ከስፌት ቤት የገባሽው 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ የት ነበርሽ ይላል። የት እሆናለሁ? የት/ቤት ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነዋ። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ መውጫ መግቢያዬን ይቆጥር ጀመር።

ሁሉም በዚህች ካሜራ ነው። ከእምዬ አልጋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አሰቀላት። እምዬ ስኳር አለባት፣ ብቻዋን ስትውል ለደህንነቷ ነው አለ። እሺ አልኩ። ሞኝ ነኝ።

ጥቅምት 9፣ ምሳ ሰዓት

ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ጅዳ ሰው ቤት አራት ዓመት ስሠራ ኩሽናው ውስጥ ካሜራ ነበር። ቁጭ ካልኩ ማዳም ካለችበት ትደውላለች። ያንን ጥዬ አገሬ መካነ ሰላም ገባሁ። አሁን ደግሞ በእናቴ ቤት፣ በገዛ ወንድሜ። ያንገበግበኛል።

እምዬን ደግሞ እዪልኝ። ጠዋት ሻሿን አስተካክላ ካሜራውን አሰላሙ አለይኩም ትላለች። እግሯን በጋቢ ሸፍና ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። አፊያ ነኝ፣ ደህና ነኝ ልጄ፣ አብሽር። ቀኑን ሙሉ። ጎረቤቶችም እየገቡ ለግድግዳው እጅ ይነሳሉ።

ጥቅምት 13

መብራት የለም። ሰይድ ስድስት ጊዜ ደወለ። ምን ሆናችሁ፣ ለምን አይታይም። መብራት ሄዶ ነው ብለው አያምንም።

ክፍሉ ይሸታል። ጋቢሽን ልጠበው ብላት እምዬ ተቆጣችኝ። ደክሟታል መሰለኝ አልኩት ለሰይድ። እኔ በየቀኑ አያታለሁ፣ ካንቺ የበለጠ፣ ደህና ናት አለኝ። ካንቺ የበለጠ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ጥቅምት 15፣ 4 ሰዓት

ጋቢውን በግድ ገለጥኩት። የግራ እግሯ አውራ ጣት ጠቁሯል። ሦስት ሳምንት ደብቃዋለች። ለምን ስላት፣ ሰው አገር ያለ ልጅ ለምን ይደንግጥ አለችኝ።

እዚህ አገር እንዲህ ነው። ስደት ላለ ሰው ክፉ አይነገርም። ጅዳ ሳለሁ አባታችን ሲሞት ለእኔም ስምንት ወር ደብቀውኛል። በደወልኩ ቁጥር መስጊድ ሄዷል ይሉኝ ነበር። ካሜራው ጭራሽ አመቻቸላት። እግሯን ጋቢ አልብሳ አፊያ ነኝ ትላለች፣ እሱም አየሁ ብሎ ይተኛል።

እኔስ? አብሬያት እያደርኩ? ሰይድ ያያታል ብዬ ማየቱን ተውኩት። በራሴም ተናድጃለሁ።

ጥቅምት 17፣ ደሴ፣ ሆስፒታል

መካነ ሰላም ሪፈር ጻፉልን። ዶ/ሩ ጣቱ ነገ ይቆረጣል አለ። ትንሽ ብትቆዩ እግሯ ነበር አለ። እኔን እያየ።

ሰይድ ባዶ አልጋ እያየ ይደውላል። አላነሳሁም። እምዬ፣ ካሜራው ተበላሽቷል፣ ወግዲ ዘመድ ጥየቃ ሄደናል በይው ትላለች። ደግሞ ፎቶ አንሺኝና ላኪለት። ከወገብ በላይ፣ አልጋው እንዳይታይ። ሻሿን አስተካክላ ፈገግ አለች። አላነሳኋትም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ሌላ አይደለም።

9፡10

እንቅልፍ ወስዷታል። አነሳኋት። ከእግሯ በኩል፣ ፋሻው እንዳለ፣ የጠቆረው ጫፍ እየታየ። ሥሩ አንድ ቃል አልጻፍኩም። ላክሁት።

አየው።

አሁን እየደወለ ነው። እምዬ በጥሪው ነቃች፣ ማን ነው ትለኛለች። ሰይድ ነው፣ እግርሽን አይቶታል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጇን ይዤ ስልኩን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት።