አባባ የመለሱት መቀጫ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለእንዳላማው፤

እንደምን ከረምህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ያስቸገረህ ሆድህስ ተሻለው? የጎዴ ሙቀትስ ለቀቅ አደረገህ ወይስ አሁንም አልጋህን ደጅ አውጥተህ ነው የምታድረው? ተማሪዎችህስ ደኅና ናቸው? አማርኛህን እየሳቁብህ ነው ብለህ ነበር፤ እኛም ስንስቅብህ ኖረናልና ብዙ አይክፋህ። እኛን ከጠየቅህ በልተን እናድራለን፣ ሥራ አልፈታንም፣ የታመመ ሰው በቤታችን የለም። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ይይዛታል፤ ገበያ ሲሆን ግን ከሁላችን ቀድማ ሉማሜ ትደርሳለች። የጎደለን ያንተ ፊት ብቻ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ባለፈው በስልክ፣ አባባን ከእድር ዳኝነት አወረዷቸው አሉ፣ ምን አጥፍተው ነው ብለህ ስትጮህ መሥመሩ ስለተቆረጠ ነው። መልሼ ብደውል አትገኝም። ነገሩም በስልክ ካርድ የሚያልቅ አይደለም። ጓደኛህ ለዕረፍት መጥቶ ሊመለስ ነው ሲሉኝ፣ በይ እንግዲህ ዛሬ ከሥር ከመሠረቱ ልንገረው ብዬ ተቀመጥኩ። ወሬውን ያደረሰልህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ። ሙሉውን ስትሰማ አንገትህን ቀና አድርገህ ትሄዳለህ።

የተጀመረው አምና ግንቦት ላይ ነው። ታረቀኝ የሚባል የደብረ ወርቅ ልጅ የአንድ ኢንሹራንስ ድርጅት ወኪል ሆኖ በሞተር ብስክሌት ወደ እኛ ቀበሌ መጣ። ከክረምቱ በፊት ገንዘብ ለከፈለ ገበሬ፣ ሰብሉ ቢጎዳ ድርጅቱ ካሳ ይሰጣል አለን። እኛ እቴ፣ ማን ይገባዋል! ገና ላልደረሰ ጉዳት ዛሬ ይከፈላል ሲባል ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ሲጨነቅ ቆየና በመጨረሻ፣ እንደ እድራችሁ ቁጠሩት፣ ሁላችሁም ታዋጣላችሁ፣ የተጎዳው ይካሳል ብሎ አስረዳን። አባባ ይህቺን ሲሰሙ ልባቸው ሞቀ። ስንት ዘመን የእድር ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው፣ እድር ነው ከተባሉ ሌላ ምን ይጠይቃሉ? በሃያ አንድ ቀን ማርያም ቅጥር ግቢ እድሩ ሲሰበሰብ ተነሥተው፣ እኔ ገብቻለሁ፣ እናንተም ግቡ አሉ። አባባ አንሙት ግቡ ካሉ ደግሞ በእኛ አገር አልገባም የሚል እንደሌለ ታውቃለህ። እትዬ ሥራነሽ እንኳ፣ ያቺ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው፣ ያለቻትን በግ ሸጣ ከፈለች። ልቧ እያመነታ ነበር፤ ፊቷን አይቻለሁ። ግን የተናገሩት አባባ ናቸው።

ዘንድሮ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ሳለ፣ ከቀትር በኋላ ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ። በረዶ መቼም ወጉ እንዲያ ነው፣ አንዱን መትቶ አንዱን ይተዋል። የእኛን ማሳ ጫፉን ብቻ ነክቶ አለፈ። የእትዬ ሥራነሽን ግን እንዳልነበረ አደረገው። ማለዳ ስንደርስ ጤፉ ጭቃው ላይ ተለጥፎ፣ ፍሬው ረግፎ፣ እሷ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አላለቀሰችም። አባባ አጠገቧ ቆመው፣ አይዞሽ፣ ኢንሹራንስ ገብተሻል፣ አሁን ይመጣሉ አሏት።

በእኛ እድር ሰብሉ የተመታበት ሰው እንደ ሐዘንተኛ ይጠየቅ የለም? ያገሩ ሰው ሁሉ ቆሎውንም እንጀራውንም ይዞ እሷ ቤት ሄደ። ተቀምጠን የምንጠብቀው ታረቀኝን ነበር። ሞተር በተሰማ ቁጥር ሁሉም ወደ መንገዱ ያያል። አልመጣም። በኋላ እድሩ ሲሰበሰብ እንደ ደንቡ ከሐዘኑ የቀሩት ስማቸው ተጠራና መቀጫ ተጣለባቸው። የዚህን ጊዜ አንዱ፣ ታረቀኝስ? ብሎ ጠየቀ። አባባ ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ መዋጮ ተቀብሏል፣ እድር ነው ብሏል፣ ለሐዘን አልደረሰም፣ ይቀጣ አሉ። እየሳቅህ መሆንህን አውቃለሁ፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ስቄያለሁ። ግን ተቀጣ፤ መልእክትም ተላከበት።

ምን ትለኛለህ፣ ልጁ መጥቶ ከፈለ! አንገቱን ደፍቶ መቀጫውን አባባ እጅ ላይ አደረገና የሚከብደውን ነገረን። ውሉ ለድርቅ ብቻ ነው፣ ለበረዶ አይከፍልም አለ። ያን ጊዜ ለምን አልነገርከንም ሲሉት፣ የማይከፈለውን ቀድማችሁ ከተናገራችሁ ገዢ ይሸሻል ተብለን ነው አለ። አወቀን ታውቀዋለህ፣ ያንን ከወንዝ ማዶ የሚኖረውን ቁጡ። እሱ ታዲያ ወደ ልጁ አልዞረም፤ ወደ አባባ ዞሮ፣ ያስገቡን ዳኛው ናቸው አለ።

ከዚያ ወዲህ አባባ ሰው አልሆኑም። ምግብ ይቀርባል፣ ቆረስ አድርገው ይተዉታል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በእትዬ ሥራነሽ ደጅ ማለፍ ትተው በወንዙ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ከራሳቸው ጎተራ ዘርም ቀለብም ጭነው ላኩላት። ተቀበለችና፣ እኔ በእርስዎ አልተቀየምኩም ብላ ላከችባቸው። ይህ ደግሞ ባሰ። ብትቆጣቸው ይቀላቸው ነበር።

በጥር ከወረዳ ጥሪ መጣ። ለገበሬ ብድርና ኢንሹራንስ የሚሸጡ ድርጅቶችን የሚቆጣጠር ደንብ ሊረቀቅ ነውና የእድርና የማኅበር ተወካዮች ደብረ ማርቆስ መጥተው ሐሳብ ይስጡ ተባለ። አባባ አንድ ጆሯቸው እየከበደ ስለመጣ እኔን አስከትለው ሄዱ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ክርክሩ እንዴት ያለ መሰለህ! የድርጅቶቹ ሰዎች፣ ደንብ ካበዛችሁብን ወጪያችን ይንራል፣ ገጠር መውረዳችንን እንተዋለን፣ ገበሬው ያለ ምንም ይቀራል ይላሉ። የማኅበራቱ ሰዎች ደግሞ፣ ልጓም ከሌላችሁ ገበሬው ያልገባውን ወረቀት እየፈረመ ጥሪቱን ይጨርሳል ይላሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለቱም ሲናገሩ እውነት መሰለኝ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት የመንግሥት ባለሙያ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ሰው ሲናገር የማታቋርጥ። እሷ ተነሥታ፣ ክርክራችሁ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፣ ሰው ያልተነገረው ውል ሊይዘው ይገባል ወይስ አይገባም? አለች።

አባባ ጎሸም አደረጉኝና ምን አለች አሉኝ። በጆሯቸው ደገምኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ ገንዘብ ይዘሻል? አሉኝ። ለየሺዋስ ጫማ ልገዛበት በመቀነቴ ቋጥሬ የመጣሁትን ይዤ ነበር። እያጉረመረምኩ ፈታሁላቸው። እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም፤ ባሌም ያችኑ አሮጌ ጫማውን እየጎተተ ነው። ገንዘቡን ጨብጠው ተነሡ። ድምፅ ማጉያ ሲሰጧቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ታረቀኝ ከኋላ፣ ከአለቃው ጀርባ ተቀምጦ ኖሯል፤ ልጄ፣ ና ብለው ጠሩት። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«ይህን ልጅ ለሐዘን አልደረስክም ብለን ቀጥተነዋል» አሉ። «የእድራችንን ደንብ ግን አላነበብንለትም። የቀረ ሰው እንደሚቀጣ አያውቅም ነበር። ባላነበብንለት ደንብ ቀጥተን በድለነዋል። መቀጫው ይኸው።» እጁን ይዘው ገንዘቡን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ቀጥለው ወደ አለቃው ዞሩ። «እኔ የእኔን መልሻለሁ። እናንተም ለበረዶ አንከፍልም የሚለውን ያላነበባችሁላት አንዲት ሴት አለች። ሥራነሽ ትባላለች።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

እንዳላማው፣ እኔ እንባዬ መጣ፤ ምኑን እደብቅሃለሁ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ተነሥቶ፣ ለበረዶው ካሳ መክፈል አልችልም፣ ያልተነገራቸው ሰዎች የከፈሉትን ግን እንዲመለስ አደርጋለሁ አለ። ባለሙያዋ አባባን፣ ታዲያ ደንቡ ምን ይበል? አለቻቸው። የማይከፈለው ከሚከፈለው ቀድሞ፣ ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ ይነበብ፣ ሰውም ቤቱ ገብቶ አድሮበት ይፈርም አሏት። አንዱ የድርጅት ሰው፣ እንዲያ ከሆነ ማን ይገዛናል? ሲል፣ አባባ፣ ሰምቶ የሚተውም ይኑር አሉት። ሴትዮዋ ጻፈችው። ደንቡ ይውጣ አይውጣ እስካሁን አላውቅም፤ የእትዬ ሥራነሽ ገንዘብ ግን ከፋሲካ በፊት ተመልሶላታል።

አሁን ወደ ሰማኸው ወሬ ልምጣ። በየካቲት ማርያም እድሩ ሲሰበሰብ አወቀ ተነሥቶ፣ እድሩ የጣለውን መቀጫ ለታረቀኝ መልሱ ብሎ ማን ፈቀደልዎት? አለ። አባባ፣ ማንም አልፈቀደልኝም፣ አምናም ሳላጣራ አስገብቻችኋለሁ፣ በሁለቱም አጥፍቻለሁ፣ ዳኝነቱን ውሰዱ ብለው ከመንበራቸው ተነሡና ከሰው መሐል ሄደው ተቀመጡ። ስለዚህ ወረዱ ያሉህ እውነት ነው፤ በገዛ እጃቸው ወርደዋል። ያወረዳቸው ግን የለም። ሌላ ዳኛ ይመረጥ ተባለ፤ ስም የሚጠራ ጠፋ። ቀኑ ሊመሽ ሲል የአባባን ስም የጠራው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ራሱ አወቀ! ራሱን የሚከስ ዳኛ ከወዴት እናመጣለን፣ ቀጥተን እንመልሳቸው አለ። ሳያስፈቅዱ በመመለሳቸው ቀጧቸውና እንደገና ሾሟቸው። መቀጫቸውን ከፍለው መንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ባለፈው ግንቦት ታረቀኝ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ ማርያም ደጅ ቆሞ መጀመሪያ ያነበበው የማይከፈለውን ነበር፤ በረዶ፣ ውርጭ፣ ጎርፍ፣ ተምች። ዛሬ የሰማችሁትን ነገ መጥታችሁ ንገሩኝ ብሎ ሄደ። በማግሥቱ አባባ፣ ድርቁም ያሰጋልና እኔ ገብቻለሁ አሉ። ብዙ ሰው ተከተላቸው። እትዬ ሥራነሽ ግን ተነሣችና፣ «እኔ የምፈራው በረዶውን ነው፤ ለእሱ ካልከፈላችሁ አልገባም» አለች። አባባ ከተናገሩ በኋላ፣ በፊታቸው፣ በሰው መሐል! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፍቷቸው ይሆናል ብዬ ላጽናናቸው ቀረብ አልኩ። እሳቸው ግን በእትዬ ሥራነሽ ደጅ በሚያልፈው መንገድ፣ ከጥቅምት ወዲህ ባላየሁት አካሄድ፣ ቀና ብለው ይሄዳሉ። አልከፋዎትም? አልኳቸው።

«ያን ጊዜ እሺ ያለችኝ በእኔ ተማምና ነው» አሉኝ። «አሁን እምቢ ያለችኝ ገብቷት ነው። ይኸኛው ይበልጥብኛል።»

እማዬ አብዝታ ትስምሃለች፤ የላክህላትን ነጠላ ለብሳ ቅዳሴ ሄዳ ሰው ሁሉ አይቶላታል። የሺዋስ ሰላም ብሎሃል፤ ስለ ጫማው እንዳላነሣብህ ለምኖኛል። ልጆቼ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣ እያሉ ይጠይቁሃል። እትዬ ሥራነሽ እግዚአብሔር በሰላም ያግባህ ብላለች። አወቀ እንኳ፣ ለዚያ መምህር ሰላም በይልኝ ብሎኛል። አባባ ምን ልበልልዎ ብላቸው፣ ደኅና ነኝ በይው፣ ስለ እኔ የጻፍሽውን ቀንሽው አሉ። አንዲት ቃል አልቀነስኩም።

እህትህ የብርጓል አንሙት
ሉማሜ አጠገብ
ሰኔ ፪ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.