ሽማግሌ ከመሄዱ በፊት

ሰኞ

ስልኩን ዘጋሁባት። ሰብለ ላይ! እሑድ አጎቷ ቤት ሽማግሌ የምልክላት ልጅ ላይ!

ቅዳሜ እሷ የምትኖርበት ከተማ፣ ቶኔ፣ ሄጄ ቤቷ አድሬ «ባልና ሚስት ልንሆን ነው፤ ከእንግዲህ ኮንዶም ምን ያደርግልናል?» አልኳት። ዛሬ ደውላ «መጀመሪያ ሁለታችንም እንመርመር፤ እስከዚያ ኮንዶሙ ይቀጥላል» አትለኝም! ደሜ ፈላ። እኔ የመንገድ ሰው ነኝ? ኮንዶም ለማያውቁት ሰው ነው።

ማክሰኞ

አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ሥራ ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ጣቴን ቆረጥኩ።

አብሮኝ የሚኖረው ከድር ነገሩን ስነግረው ሳቀብኝ።

«ከሰብለ በፊት ከነበረችው ጋር መቼ ነው ኮንዶም የተውከው?»

«የቤቴን ቁልፍ ስሰጣት።»

«እና ቁልፉ ነው የመረመራት?»

ደግሞ እሱ ብሎ መካሪ! አንዷን «ፍቅሬ» ማለት ከጀመረ እሱም ይተወዋል። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ ከምንጠረጥራት እንጠነቀቃለን፣ ከምንወዳት ጋር ዓይናችንን እንጨፍናለን።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ጋሽ መኮንን ዘንድ ሄድኩ። እዚህ ሰው አገር ትራም፣ የከተማውን ባቡር፣ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ የእሑዱ ሽማግሌም እሳቸው። ስለ ኮንዶምማ በምን አፌ ልንገራቸው? «ሰብለ ተመርመር አለችኝ፤ አላመነችኝም» ብቻ አልኩ። ያዝኑልኛል ብዬ።

«እና አልተመረመርክም?» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው። «የሰው ልጅ ልጠይቅ ስሄድ ‹ልጁ ጤነኛ ነው ወይ?› ቢሉኝ ምን ልበል? መልኩ ያምራል ልበል? አገር ቤት ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ሳያስመረምር አያጋባም። አንተ ልጅ፣ የጠየቀችህ ልታገባህ ስለፈለገች ነው።»

ካልተመረመርክ ከቤቴ አልወጣም አሉኝ፣ ቁርጥ አድርገው። ወጥቼ ለሰብለ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እኔስ የማልፈራ መሰለህ?» አለች። ለካ እሷም ፈርታ ነው! ነገ እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ እንመረመራለን።

ሐሙስ

ነርሷ ያለ ኮንዶም ከማን ጋር እንደነበርኩና መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቁልፏን ልጅ ነገርኳት። አልፈረደችብኝም፣ ጻፈች ብቻ። ውጤቱ ነገ ነው።

ብቻዬን ስሆን ፍርሃቱ መጣ። ሰብለን ባጣትስ? ደወልኩላት። «ቢገኝብህም መድኃኒት አለ። በዚህ የምለይህ መሰለህ እንዴ?» ተቆጣችኝ። ቁጣዋ እንዴት ደስ አለኝ!

ዓርብ

ነፃ ነኝ። እሷም ነፃ ናት። ተመስገን! የሥራ ቦታዬ ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። የወጥ ቤቱን አለቃ «ሽንኩርቱ ነው» ስለው አመነኝ።

እሑድ

ቶኔ፣ ትራም ፌርማታ ላይ ተቀምጫለሁ። ጋሽ መኮንንና ሁለት ጓደኞቻቸው አጎቷ ቤት ናቸው። አስጠያቂው አብሮ አይገባም፣ ወጉ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሰብለ ከጓዳ መልእክት ላከች። «አጎቴ ‹ልጁ ተመርምሯል ወይ?› ሲል ጋሽ መኮንን ደረታቸውን ነፍተው ‹አዎ!› አሉ።»

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። ለመልስ ቀጠሮ ሰጧቸው። እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም፤ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ደወለች፣ በሹክሹክታ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ልጅ አንፈልግም ተባብለናል።

«ያንን ነገር ይዘሃል?»

«ይዣለሁ። ራሴ ነኝ የገዛሁት።»

ሰኞ ስልክ ያዘጋኝ ነገር ዛሬ ሁለታችንንም አሳቀን።